ከኢንስፔክሽን በኋላ የአነስተኛ ትምህርት ቤት መሻሻል በምን ይታወቃል?

በአገራችን የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን በማዕቀፍና በስታንዳርዶች ተደግፎ መከናወን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች የሚመዝን ሲሆን፣ ከጠቅላላው ነጥብ 25 በመቶ ለግብዓት፣ 35 በመቶ ለሂደት፣ 40 በመቶ ደግሞ ለውጤት እንዲሰጥ ያደርጋል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት በደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ ያልደረሰ በደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያልደረሰ በደረጃ 3፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገበ በደረጃ 4 ይመደባል።

በየዙሩ በተካሄዱት ኢንስፔክሽኖች አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በደረጃ 1 እና 2 ላይ መገኘታቸው በተደጋጋሚ የተነገረ ጉዳይ ነው። የዚያኑ ያህል ያልተነገረው ኢንስፔክተሮቹ የቃል ግብረ መልሳቸውን ሰጥተው ከግቢው ከወጡ በኋላ የሚሆነው ነው። በተለይም ርዕሰ መምህሩ ራሱ ክፍል ገብቶ በሚያስተምርበት፣ ምክትል በሌለበት፣ ጥቂት መምህራን ሁለት ክፍሎችን አጣምረው በሚይዙበት አነስተኛ የገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ግብረ መልሱ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ቀዳሚ ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ስሌት እንውሰድ። አንድ ትምህርት ቤት በግብዓት 40 በመቶ፣ በሂደትና በውጤት ደግሞ 50 በመቶ አገኘ እንበል። ይህ በክብደቱ ሲሰላ 10፣ 17.5 እና 20 ነጥብ ሆኖ ድምሩ 47.5 ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም በደረጃ 1 ላይ ይቀመጣል። አሁን ወረዳውና ኅብረተሰቡ ተባብረው አዲስ የመማሪያ ክፍል ቢሠሩ፣ መጸዳጃ ቤቱን ቢለዩ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ቢያሟሉና የግብዓት ነጥቡ ከ40 ወደ 60 በመቶ ከፍ ቢል፣ ድምሩ 52.5 ይደርሳል። በሌላ በኩል ምንም ሳይገነባ የሂደት ነጥቡ ከ50 ወደ 70 በመቶ ቢያድግ ድምሩ 54.5 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ትምህርት ቤቱ ወደ ደረጃ 2 ይሸጋገራል። በወረዳው ሪፖርት ላይም ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ በአንደኛው የተለወጠው ግድግዳው ነው፤ በሌላኛው የተለወጠው ትምህርቱ ነው።

ከዚህ ስሌት የግብዓት መሟላት አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ መውሰድ ተገቢ አይደለም። ውኃና የተለየ መጸዳጃ በሌለበት ግቢ የምትማር ልጃገረድ ዕድሜዋ ከፍ ሲል ከትምህርት ገበታዋ የመቅረቷ ዕድል ሰፊ ነው። ነጥቡ ሌላ ነው። የግብዓት ጉድለት በአብዛኛው በትምህርት ቤቱ አቅም የሚፈታ ሳይሆን የወረዳው፣ የክልሉና የኅብረተሰቡ ዕዳ ነው። የሂደት ጉድለት ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ከነገ ጀምሮ ሊያስተካክለው የሚችለው ነው። ከኢንስፔክሽን በኋላ የሚዘጋጀው የማሻሻያ ዕቅድ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ካላስቀመጠ፣ ርዕሰ መምህሩ ያልቻለውን እየጠበቀ የሚችለውን ሳይሠራ ዓመቱ ያልቃል። ወረዳውም በበኩሉ የራሱን ድርሻ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ጽፎ ኃላፊነቱን ወደ ታች ያወርዳል።

አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ሊያሻሽላቸው የሚችላቸው ጉዳዮች ምንድን ናቸው ቢባል፣ ዝርዝሩ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ተራ ነው። ክፍለ ጊዜ በሰዓቱ መጀመር፤ ቀሪ ተማሪዎችን በየዕለቱ መዝግቦ በዚያው ሳምንት ወላጅን ማነጋገር፤ በመጋዘን ተቆልፎ የተቀመጠ መጽሐፍ በተማሪው እጅ ገብቶ ቤት እንዲደርስ ማድረግ፤ ተከታታይ ምዘናውን ለውጤት መሙያ ሳይሆን ማን ወደኋላ እንደቀረ ለማወቅ መጠቀም። በዓመት 60 ሰዓት እንዲሆን የተደነገገው የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም በፋይል ከሚቀመጥ ሰነድ ወጥቶ በኢንስፔክሽኑ በተለየው ድክመት ላይ ቢያተኩር ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። መምህራኑ ሦስትና አራት ብቻ ሲሆኑ እርስ በርስ ትምህርት መታዘብ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የጉድኝት ማዕከሉና ሱፐርቫይዘሩ እዚህ ላይ ትርጉም ያለው ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ማንበብ አለ። በ2002 ዓ.ም. በተመረጡ ክልሎች የተካሄደው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ እንደማይችሉ ማሳየቱ ይታወሳል። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ ብዙዎች ደነገጡ። በ2002 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ክፍል ሳይደግም ቢቀጥል በ2012 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ይደርስ ነበርና፣ የሁለቱ አኃዞች ባለቤቶች ያው ልጆች ናቸው ማለት አይቻልም። ትውልዳቸው ግን ተቀራራቢ ነው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ያልተያዘ ንባብ በላይኛው ክፍል በማጠናከሪያ ትምህርት በቀላሉ እንደማይካስ መምህራን ጠንቅቀው ያውቁታል።

በመሆኑም ዳግም ኢንስፔክሽን በሚካሄድበት ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም የሚለውን ለማወቅ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን መጽሐፋቸውን አስይዞ ማስነበብ ከብዙ ሰነድ የተሻለ ማስረጃ ነው። ከክፍል ክፍል የማለፍ ምጣኔ ብቻውን አያስተማምንም። ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም ያው መምህር በሆነበት ሁኔታ፣ የውጤት ነጥብ እንዲያድግ የሚደረግ ግፊት የተማሪውን ዕውቀት ሳይሆን የመዝገቡን ቁጥር ሊያሳድግ ይችላል።

የአነስተኛ ትምህርት ቤት መቶኛ ራሱም በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። 12 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ ልጅ ቢያቋርጥ ማቋረጥ 8.3 በመቶ ሆነ ይባላል፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ያው አንድ ልጅ 1.7 በመቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት ማንም ካላቋረጠ ደግሞ "ከፍተኛ መሻሻል" ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ቤተሰብ አካባቢ ቀይሮ ሄዶ እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

የገንዘብ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ፣ ተማሪው ጥቂት የሆነበት ትምህርት ቤት የሚደርሰው ገንዘብም ጥቂት ነው። ጣሪያው የሚያፈስሰው፣ ሰሌዳው የሚያረጀው ግን በተማሪ ቁጥር ልክ አይደለም። የወረዳው የትምህርት በጀት በአብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ክፍተቱን የሚሸፍነው የወላጆች ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ሆኖ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው "ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄም ይህንኑ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ያሰፋ ነው። ወላጆች በኢንስፔክሽን ግኝት ላይ ሲወያዩ አጀንዳው ሁልጊዜ መዋጮ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። ልጁ ማንበብ መቻሉን የመጠየቅ መብት ያለውም ያው ወላጅ ነው።

ጊዜው ሌላው ብዙም ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የኢንስፔክሽን ሪፖርት በሰኔ ወር ወረዳ ቢደርስ ለቀጣዩ ዓመት በጀት ግብዓት የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ያው ሪፖርት በጥር ወር ቢደርስ ግን በዕቅድ ዝግጅት ላይ ይውላል። ይህ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ የመርሐ ግብር ነገር ነው።

ትምህርት ቤትን በአንድ ደረጃ ጠቅልሎ መግለጽ የሚያስከትለው ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ረዥም የኢንስፔክሽን ልምድ ባላት እንግሊዝ ኦፍስቴድ የተሰኘው ተቋም ለዓመታት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በአንድ ጠቅላላ ብያኔ ሲፈርጅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ይህ አሠራር እንዲቀር ተደርጓል። የአንድ ርዕሰ መምህርት ሞት በኢንስፔክሽኑ ተፅዕኖ ጭምር የተከሰተ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2023 መርማሪ ዳኛ ማረጋገጣቸው በጉዳዩ ላይ የተነሣውን ክርክር አጠናክሮት ነበር። በኛ ማዕቀፍ ደረጃው ቢቀጥልም፣ ለወረዳ ካቢኔ የሚቀርበው ሪፖርት ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን ለየብቻ እንዳያሳይ የሚከለክል ነገር የለም።

በአነስተኛ ትምህርት ቤት የተጀመረ መሻሻል በቀላሉ ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የሰው ዝውውር ነው። አራት መምህራን ካሉበት ትምህርት ቤት አንዱ በክረምት ሲዛወር የዕቅዱ ሩብ አብሮት ይሄዳል፤ የተዛወረው ርዕሰ መምህሩ ከሆነ ደግሞ የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ ራሱ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ የሚያውቅ ላይገኝ ይችላል። የዝውውር ውሳኔ የሚሰጠው የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ማሻሻያ ዕቅዱ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ርክክብ ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት እንዲፈጸም ማድረግ የሚችለውም እሱው ነው።