ጋዝ ስለሚባሉት ነገሮችና ስለ አምቦ ጠርሙስ

በአምቦ ከተማ አንድ እንግዳ ሰው ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ «ጋዝ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ባለሱቁ «የትኛው ጋዝ?» ሳይለው አይቀርም። በዚያ አገር ጋዝ ማለት በመጀመሪያ ከሰንቀሌ ምንጭ ከውሃው ጋራ እየፈላ የሚወጣው፣ በጠርሙስም ታሽጎ አፍንጫን የሚሰነፍጠው አየር ነው። ለኩራዝና ለምድጃ የሚሆነው ላምባም ነጭ ጋዝ ይባላል። በብረት ሲሊንደር ታምቆ የሚሸጠው ደግሞ ስሙ ያው ጋዝ ነው። ከአሜሪካ አገር የተመለሰ ልጅ ያለን እንደ ሆነ እርሱ ደግሞ የመኪናውን ቤንዚን ጋዝ ሲለው እንሰማለን። እንግዲህ አንዱ የሚጠጣ፣ ሦስቱ የሚነድዱ፣ ከሦስቱም አንዱ በሌላው ቦታ የገባ እንደ ሆነ ቤት የሚያጠፋ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ይህን ማንሣታችን የቃላት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። በችሎት ጸሐፊነት የኖረ ሰው ግን እንዲህ አያስብም። ምስክር ቀርቦ «ቤቱን ያቃጠለው ጋዝ ነው» ብሎ ቃሉን ቢሰጥና ጸሐፊው እንዳለው ጽፎ ቢያልፍ፣ ዳኛው ከዚያ ቃል ምንም ሊያወጣበት አይችልም። ሲሊንደሩ አፈትልኮ እንደ ሆነ ጥያቄው ወደ አንድ ሰው ይሄዳል፤ በላምባው ውስጥ ቤንዚን ተቀላቅሎበት እንደ ሆነ ግን ወደ ሌላ ሰው ይሄዳልና።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ነዳጅ የሚለው ስም ነደደ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በኦሮምኛም ቦባኣ መባሉ እንዲሁ ከመንደዱ የተነሣ ነው። ፈረንጆች ግን ፔትሮሊየም ሲሉት የሚነሡት ከሚወጣበት ስፍራ ነው። ፔትራ በጽርእ ቋንቋ ዓለት ነው፤ ጴጥሮስ የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ኦሌዩም በሮማይስጥ ዘይት ነውና፣ በአንድነት የዓለት ዘይት ማለት ይሆናል። ከምድር እንደ ወጣ ሳይጣራ ያለውን እኛ ድፍድፍ ነዳጅ እንለዋለን፤ ይህን ስም ያወጣለት ሰው የሴቶችን ጓዳ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን በማሰሮ ጥዳ አፉን ትመርጋለች፤ እንፋሎቱም በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። የነዳጅ ማጣሪያም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ማሰሮው እንደ ግንብ የቆመ መሆኑና ከአንዱ ድፍድፍ ብዙ ዓይነት ነገር በየደረጃው መቀዳቱ ነው። ድፍድፉ እስከ 350 ዲግሪ ያህል ሲግል፣ እጅግ ቀላል የሆነው አየር በግንቡ ራስ ይወጣል፤ ከእርሱ ዝቅ ብሎ ቤንዚን፣ ከቤንዚን በታች ላምባ፣ ከላምባ በታች ናፍጣ ይቀዳል። ሊተን ያልቻለው አተላ በሥር ይቀራል፤ ከዚህም አተላ ሬንጅ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጊንጪ ወደ አምቦ፣ ከዚያም ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ የሚያልፈው መንገድ የለበሰው ይህን አተላ ነው። በአሰብ ወደብም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራ ማጣሪያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ በ1997 ግን ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየማደያው የምንቀዳው በውጭ አገር ተጣርቶ፣ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚመጣው ነው።

የስሞቹ የዘር ሐረግ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው። ዓረቦች የጃዋን ዕጣን ሉባን ጃዊ ይሉታል፤ በቤታችን የምናጨሰው ሉባንጃ ስሙ ከዚያ ለመውጣቱ ድምፁ ይመሰክራል። ይኸው ቃል ወደ አውሮጳ ተሻግሮ ቤንዞይን ሆነ፤ የጀርመን ሊቅ ሚቸርሊኽ በ1833 ከዚሁ ዕጣን አሲድ ያገኘውን ፈሳሽ ቤንዚን ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ኋላ ወደ መኪናው ነዳጅ ተዛወረ። ስለዚህ ቤንዚንና ሉባንጃ በስም እኅትማማች ናቸው፤ ከፍም አጠገብ ሊቀርብ የሚችለው ግን አንደኛቸው ብቻ ነው። ናፍጣ የምንለውንም ቃል ያገኘነው ከጣልያኖች ናፍታ ነው። በጽርኡ መጽሐፈ ዳንኤል የሠለስቱ ደቂቅ እቶን የነደደባቸው ነገሮች ሲቆጠሩ ናፍታ በስሙ ተጠርቷል። ዓረቦችም ይህን ቃል ነፍጥ ብለው ኋላ ለባሩድ አደረጉት፤ እኛም ከባሩዱ ወደ ጠመንጃው አዛወርነው። እንግዲህ ነፍጥና ናፍጣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ነገር ግን የውጭ አገር ደብዳቤ የሚተረጉሙ ሹማምንት ይህን ልብ ይበሉ፤ በዓለም የነዳጅ ንግድ ናፍታ የሚባለው ከቤንዚን ወገን የሆነው ቀላል ፈሳሽ እንጂ የጭነት መኪናችን ናፍጣ አይደለም። ፔትሮኬሚካል የሚባለው ሥራም ከዚህ ከቀላሉ ናፍታና ከአየሩ ይነሣል፤ ጀሪካኑ፣ ፌስታሉ፣ የፕላስቲኩም የውሃ ጠርሙስ ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ላምባ በኩራዝ ውስጥ በሰላም የሚነድደው በእኛ አየር ጠባይ እንፋሎቱ ጥቂት ስለ ሆነ ነው፤ እሳት ሲቀርበው ብልጭ የሚል እንፋሎት ለማውጣት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። ቤንዚን ግን ከበረዶ በታች እስከ 40 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ እንኳ ይህን ያህል እንፋሎት አያጣም። ስለዚህ ቤንዚን በተቀዳበት ጀሪካን ላምባ የቀዳ ሰው፣ ከሥሩ የቀረችው ጥቂት ቤንዚን ላምባውን ጠባዩን እንደምትለውጠው ይወቅ፤ ኩራዙም መብራት መሆኑ ቀርቶ ፈንጂ ሊሆን ይችላል። የቤንዚንና የላምባ ዕቃ በመልክም በስፍራም የተለየ ይሁን። የፈሰሰ ላምባ ቢቀጣጠል ውሃ አይደፋበትም፤ ላምባው በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳልና፣ በአሸዋ ወይም በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ማፈን ነው።

ቡታጋዝ መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር የአንድ ድርጅት የንግድ ስም ነበር፤ አሁን በየቤቱ የሲሊንደሩ ጋዝ መጠሪያ ሆኗል፤ የላምባውን ምድጃ ሳይቀር ቡታጋዝ የሚሉ ቤቶች አሉ። በሲሊንደሩ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ አየሮች ድብልቅ ነው። ሁለቱም ከምንተነፍሰው አየር ይከብዳሉ፤ ስለዚህ ያፈተለከው ጋዝ ወደ ጣራው አይወጣም፤ በወለሉ ላይ እንደ ውሃ እየሄደ ከዝቅተኛው ማዕዘን ይተኛል። ለራሱ ሽታ የሌለው ስለ ሆነ፣ እንዲታወቅ ተብሎ የሚከረፋ ነገር ይጨመርበታል። ሽታው በተሰማ ጊዜ ክብሪት መጫር ቀርቶ የኤሌክትሪክ ማብሪያም አይነካም፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ በርን ወለል አድርጎ መክፈትና መውጣት ነው። ማፍሰሱን ለመመርመር የሳሙና አረፋ በመገጣጠሚያው ላይ መቀባት ይበቃል። የአምቦ ውሃም ጋዝ እንደዚሁ ከአየር የከበደ ነው፤ እርሱ ግን እሳት አጥፊ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለቱ፣ አንዱ እሳት ሲያነሣ ሌላው ያጠፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ጠርሙሱ ነው። የአምቦ ጠርሙስ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ ባዶውን መጣል አይሆንልንም፤ መብራት በጠፋ ቀንም ላምባ ልከን የምናስቀዳው በእርሱ ነው። ላምባ ደግሞ መልኩ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሕፃን ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም፤ አባቱ በምሳ ጊዜ ከእንደዚያ ያለ ጠርሙስ ሲጠጣ አይቷል፤ «ጋዝ ነው» ብለን ብንከለክለው እንኳ፣ ጋዝ ያለው ውሃ ትናንት አጠጥተነዋል። ስለዚህ ላምባ በመጠጥ ዕቃ ፈጽሞ አይቀመጥ። በየቤቱም አንዱ ላምባ፣ ሌላው ቡታጋዝ፣ ሦስተኛው ቤንዚን ተብሎ ይጠራ፤ ጋዝ የሚለውን ስም ለውሃው ብቻ እንተውለት።

ልጁ ላምባ ጠጥቶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ በልማድ የምናደርገውን ጣት ከጉሮሮ ከቶ ማስመለስን አጥብቀን እንከለክላለን፤ ዘይት አጠጥቶ ማሻርም አይገባም። ላምባ የሚጎዳው ከሆድ ይልቅ ሳንባን ነው፤ ሲመለስም ወደ ሳንባ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የነካውን ልብስ አውልቆ፣ ገላውን አጥቦ፣ ደኅና ቢመስልም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል፤ ሳሉና የትንፋሹ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላልና። የሚወስደውም ሰው ጠርሙሱን አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ የተጠጣው ላምባ ወይም ቤንዚን መሆኑን፣ ከጠርሙሱም ምን ያህል እንደ ጎደለ ለማወቅ ይረዳዋል።