ሰርቪስ ቤት በሜሪላንድ፦ በሩ ተከፈተ፣ ግን ምን ያህል?

(ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሰርቪስ ቤት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዋናው ቤት ጀርባ ከአጥሩ ተጠግቶ የተሠራ፣ አንዳንዴ ሠራተኛ፣ አንዳንዴ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ፣ አንዳንዴም ተከራይ የሚያድርበት ክፍል ነው። ዛሬ የአሜሪካ ከተሞች ምክር ቤቶች «ተጨማሪ መኖሪያ» እያሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ክርክሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር። የምክር ቤት አባሉ ሃንስ ሪመር ያቀረቡት ማሻሻያ በዚያው ዓመት ጁላይ ወር በዘጠኙም አባላት ድምፅ ጸድቆ ዲሴምበር 31 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ከዋናው ቤት ተነጥሎ በጓሮ የሚሠራ መኖሪያ የሚፈቀደው አንድ ኤከርና ከዚያ በላይ መሬት ላለው ብቻ ነበር። አንድ ኤከር ማለት ከ4,000 ካሬ ሜትር በላይ ነው። ከመካከላችን ይህን ያህል መሬት ያለው ስንቱ ነው? በወቅቱ የካውንቲው አስተዳዳሪ የነበሩት ማርክ ኤልሪች ሐሳቡን አልወደዱትም፤ ተቃዋሚ ነዋሪዎችም የመኪና ማቆሚያ ይጠባል፣ ትምህርት ቤት ይጨናነቃል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። ሁሉም ሰው የሰማው «እስከ 1,200 ስኩዌር ፊት መሥራት ይቻላል» የሚለውን ነው። ደንቡ ግን ሦስት ልኮች አስቀምጦ ከሦስቱ ትንሹን ያዝ ይላል፦ የዋናው ቤት መሠረት ካረፈበት ስፋት ግማሹን፣ የመሬቱን አንድ አሥረኛ፣ ወይም 1,200ን። 6,000 ስኩዌር ፊት መሬት ላይ መሠረቱ 900 የሆነ ቤት ያለው ሰው እንውሰድ። የመሬቱ አንድ አሥረኛ 600 ነው፤ የቤቱ ግማሽ ግን 450። ስለዚህ የሚፈቀድለት 450፣ ማለትም ወደ 42 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ሰፊ ቤትና ሰፊ መሬት ያለው 1,200ውን ሲያገኝ፣ ኪራዩ ይበልጥ የሚያስፈልገው ባለ ትንሽ ቤት የስቱዲዮ ያህል ይደርሰዋል።

ባለቤቱ ከሁለቱ በአንዱ ቤት ራሱ መኖር አለበት የሚለውን ግን እኔ እደግፈዋለሁ። ሲያትል በዚያው ዓመት ይህን ግዴታ አንስታለች፤ ሰበቡም የቤት ቁጥር ቶሎ እንዲጨምር ነው። ይሁንና ባለቤቱ በማይኖርበት ቤት ተከራይ የሚያማርረው ለማን ነው?

የእኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ ከጓሮው ይልቅ ምድር ቤቱ፣ ማለትም ቤዝመንቱ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ታክሲ ነጂው የባንክ ዕዳውን የሚከፍለው፣ አዲስ መጤውም የመጀመሪያ ዓመቱን የሚገፋው በዚያ ነው። ነገር ግን ስንቱ ፈቃድ አለው? ፈቃድ ማውጣት ማለት ተቆጣጣሪ መጥቶ የተለየ መግቢያ መኖሩን፣ እሳት ቢነሳ ሰው በመስኮት መውጣት መቻሉን ያያል ማለት ነው። ባለቤቱ ወጪውን ይፈራል፤ ተከራዩም ቢከስ መጀመሪያ ሜዳ ላይ የሚወድቀው እሱ ራሱ ስለሆነ ዝም ይላል። በዚህ መካከል መስኮቱ ሳይሰፋ ክረምት ይገባል፣ ማሞቂያውም ይለኮሳል።

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩበት ዘመን ስለ ቤት የሚወጣ ደንብ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው ካለቀለት በኋላ ነበር፤ የእኔ ሥራ ማተም ብቻ። እዚህ ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ማንም ነዋሪ ቀርቦ ሦስት ደቂቃም ቢሆን ይናገራል። በወገኖቼ ዘንድ ግን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ አዳራሽ ሲሞላ እንጂ ስለ ቤዝመንታችን አንድ ሰው ሲመዘገብ አላየሁም።

ጉዳዩ ደግሞ አላለቀም። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2025 ያወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ተጨማሪ መኖሪያ የሚፈቅድ ደንብ እንዲያወጡ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2026 ቀነ ገደብ ሰጥቷቸዋል። እኔ ዕድሉ ቢሰጠኝ የማነሳው በ2019ኙ ደንብ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን አንድ መስመር ነው፦ በተጨማሪው መኖሪያ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ከሁለት ሰው በላይ መኖር አይችሉም። በዲቪ የመጡ አባት፣ እናትና የ19 ዓመት ልጃቸው ሦስት ናቸው።