የቬትናም ገበያና የሸማቹ ዘንቢል

የአንድን አገር ሀብት ለመመዘን የሚነሡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዐይናቸውን የሚጥሉት በወደቡ ላይ ነው። ስንት መርከብ ገባ፥ ስንት መርከብ ወጣ፥ ስንት ገንዘብ ተገኘ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ከወደቡ ሌላ የቤት እመቤት ወደ ገበያ ይዛው የምትወጣው ዘንቢል አለ። ይህ ዘንቢል ጧት ባዶውን ወጥቶ ቀትር ላይ ምን ይዞ እንደሚመለስ ያልመረመረ ሰው፥ የዚያን አገር ኤኮኖሚ ዐወቅሁ ሊል አይችልም። በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች ይዘን በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኘውን ቬትናምን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ቬትናም በባሕር ዳር ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ገመድ የተዘረጋች፥ ስፋቷም 331,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አገር ናት። የሕዝቧ ቍጥር በ2023 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። በሰሜን ቀይ ወንዝ፥ በደቡብ ሜኮንግ ወደ ባሕር ሲገቡ የሚያወርዱት ደለል ለሩዝ እርሻ እጅግ የተመቸ ነው። ስለዚህም ነው ቬትናሞች አገራቸውን በትከሻ ላይ በተጣለ በትርና በበትሩ ጫፍና ጫፍ በተንጠለጠሉ ሁለት የሩዝ ቅርጫቶች የሚመስሏት። እንዲህ ያለ ምድር የታደለች አገር ሕዝቧን ሩዝ ማጥገብ ተስኗት ነበር ቢባል ለማመን ያስቸግራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ረዥሙ ጦርነት በ1975 አብቅቶ ሰሜንና ደቡብ በ1976 አንድ መንግሥት ከሆኑ በኋላ፥ በሰሜን ይሠራበት የነበረው የማኅበር እርሻ ወደ ደቡብም እንዲስፋፋ፥ ንግዱም በመንግሥት እጅ እንዲሆን ተወሰነ። የከተማው ሰው ሩዙን፥ ሥጋውንና ጨርቁን የሚያገኘው በደብተርና በቲኬት ነበር። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ሰዎች ጡብ ወይም ድንጋይ በተራቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ሌላ ጕዳያቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ በጣም ያዘነ ሰው ሲያዩ «የሩዝ ደብተሩ የጠፋበት ይመስላል» ማለት በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ አነጋገር ሆኗል። የጦርነቱ ጉዳትና የውጭ አገሮች የንግድ ዕገዳ ችግሩን ማባባሳቸው አይካድም። ነገር ግን ዋናው ሕመም በእርሻው ላይ ነበር።

ይህን ሕመም አስቀድመው ያዩ አንድ ሹም ነበሩ። ኪም ንጎክ ይባላሉ፤ በሰሜን የቪን ፉክ ክፍለ ሀገር የፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ገበሬው ዋጋውን የሚቀበለው በሠራባቸው ቀኖች ነጥብ ስለ ሆነ፥ የሚያስበው በእርሻው ላይ ስለ መገኘቱ እንጂ ስለ ምርቱ አለመሆኑን ተመለከቱ። ስለዚህ በ1966 በክፍለ ሀገራቸው እርሻው ለየቤተ ሰቡ በውል እንዲሰጥ አደረጉ። ይህም ከላይ ከተላለፈው መመሪያ ጋር የማይስማማ ስለ ሆነ በ1968 ተወገዘና ተከለከለ፤ እሳቸውም ጥፋተኛ ነኝ እንዲሉ ተገደዱ። በ1979 ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1981፥ መንግሥት ያንኑ የመሰለ ውል በአገሩ ሁሉ ፈቀደ። ዛሬ ኪም ንጎክ በአገራቸው በክብር ይታወሳሉ፤ ክብሩ ግን በሕይወት ሳሉ አልደረሰላቸውም።

በ1986 የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ700 በመቶ በላይ ስለ ናረ፥ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የተሰበሰበው የፓርቲው ስድስተኛ ጉባኤ ስሕተቱን በግልጽ አምኖ «ዶይ ሞይ» የተባለውን የማደስ መንገድ ያዘ። በ1988 የገበሬው ቤተ ሰብ የእርሻው ዋና አዛዥ ሆነ። የ1993ቱም ሕግ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ በመንግሥት እንደሚተዳደር ቢያጸናም፥ ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያወርስ፥ እንዲያከራይና እንዲያስይዝ ፈቀደለት። ውጤቱም ብዙ አልዘገየም። በ1988 መጀመሪያ በሰሜን ረኀብ የገባባት አገር፥ በ1989 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች። ወንዙም ደለሉም ገበሬውም የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የተለወጠው ገበሬው ከድካሙ የሚያገኘው ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ገበያ እንግባ። በ1993 ከመቶው ሕዝብ 58 ያህሉ ድኻ ተብሎ ይቈጠር ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ መለኪያ ድኻ የሚባለው ከመቶው አምስት አይሞላም። የአንድ ሰው የዓመት ገቢ በአማካይ ሲታሰብ ከ4,000 ዶላር አልፏል። የተመዘገበው ሞተር ብስክሌት ከ70 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በደቡብ «ሆንዳ» የሚለው የፋብሪካ ስም የሞተር ብስክሌት ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በሃኖይና በሆ ቺ ሚን ከተማ ትልልቅ መደብሮች ቢከፈቱም፥ ዓሣውን በሕይወቱ፥ ቅጠላ ቅጠሉንም ከነጤዛው መርጣ መግዛት የምትሻው እናት ከሰፈሯ ገበያ አልወጣችም። ልጇ ግን ከዚያው ቅጠል ሻጭ ዘንድ ሄዶ ሒሳቡን በተንቀሳቃሽ ስልኩ ይከፍላል። የአዲስ ዓመታቸው በዓል ቴት ሲቃረብ ደግሞ ገበያው በልብስ፥ በአበባና በጣፋጭ ይጥለቀለቃል። በጡብ ተራ ይጠበቅበት የነበረው አገር ዛሬ ሻጭ ገዢን የሚለማመጥበት ሆኗል።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ወደ ወደቡ መለስ ብለን የማይታየውን ጎን ብንመረምር የሚያሳስብ ነገር እናገኛለን። ቬትናም በ2007 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች ወዲህ የውጭ ኩባንያዎች ጐርፈውባታል፤ ሳምሰንግ የተባለው የኮርያ ኩባንያ በ2009 በባክ ኒን የስልክ ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከሚሠራቸው ስልኮች ግማሽ ያህሉን የሚያወጣው ከቬትናም ነው። በ2024 ወደ ውጭ የተላከው ዕቃ ዋጋ ከ400 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ከመቶው 70 ያህሉ የውጭ ኩባንያዎች ሥራ ነው። ብዙው የስልኩ ክፍል ከውጭ ይመጣል፤ በአገሩ ይገጣጠማል፤ ተመልሶም ይሄዳል። ለቬትናሚቱ ሠራተኛ ደመወዟ ይቀርላታል፤ ትርፉና የፈጠራው ዕውቀት ግን አብዛኛው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ከዚህም በላይ፥ ከተላከው ዕቃ ከመቶው 30 ያህሉ የሚሸጠው ለአንዲት አገር፥ ለአሜሪካ ነው። በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ መንግሥት በቬትናም ዕቃ ላይ 46 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ ብሎ ባወጀ ጊዜ፥ አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ደነገጠ። በድርድር ቀረጡ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ ትምህርቱ ግን ቀረ። ሀብቱን በሌላው ሰው ገበያ ላይ ብቻ ያቆመ፥ እንቅልፉን ለሌላው ሰው አደራ የሰጠ ነው።

ይህን ነገር የሚያስረዳ፥ ለእኛም የማይርቅ ምሳሌ ቡና ነው። የቬትናም መንግሥት በዳክ ላክና በአካባቢው ከፍተኛ ቦታዎች ቡና በሰፊው እንዲተከል ባደረገ ጊዜ፥ አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ሆነች። የምታመርተው በአብዛኛው ሮቡስታ የተባለውን ዐይነት ነው። ብራዚልም ምርቷን ስለ ጨመረች፥ የየአገሩን ድርሻ ይወስን የነበረው የዓለም ስምምነትም በ1989 ስለ ፈረሰ፥ ከ2000 በኋላ የቡና ዋጋ ወደቀ። ጉዳቱ በዳክ ላክ ብቻ አልቀረም፤ የሲዳማና የከፋ ገበሬም ቀመሰው፤ በሐረርጌም ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ጥቂት አይደለም። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ገበሬዎች በአንድ ዋጋ አብረው ወደቁ።

በዚህ ነገር ግን ኢትዮጵያ ከቬትናም የምትሻልበት አንድ ነገር አላት። እኛ ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን በየቤታችን አፍልተን እንጠጣዋለን፤ ቬትናም ግን አብዛኛውን የምትሸጠው ለውጭ ነው። የውጭው ዋጋ ሲወድቅ የቤቱ ጀበና ገበሬውን ጨርሶ ባያድነውም ጥቂት ይደግፈዋል። ቬትናሞችም ይህን ተረድተው ቡናቸውን ቈልተውና ፈጭተው በራሳቸው ስም ለመሸጥ፥ የአገራቸውንም ጠጪ ለማብዛት እየጣሩ ነው። እኛም በበኩላችን ከእነሱ የምንማረው አለ፤ ይኸውም ከአንድ ጋሻ መሬት ብዙ ምርት የማግኘት ትጋታቸው ነው።

እንግዲህ ነገራችንን እንጠቅልል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የሚጠብቃችሁ ተማሪዎች፥ ዛሬም ፋይል በእጃችሁ ያለ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ስለ ሩቅ አገር ዕድገት ስታነቡ በቍጥሩ ብቻ አትደነቁ። ይህ ገንዘብ ከማን እጅ ወጥቶ ማን እጅ ገባ፥ በአገሩስ ምን ያህሉ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። ከቬትናምም የምትወስዱት መመሪያዋን ቃል በቃል መገልበጥ አይሁን፤ የእያንዳንዱ አገር አፈርና ታሪክ የተለያየ ነውና። የሚወሰደው ሌላ ነው። የተሳሳተ መመሪያን ማንም በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ አላቃናውም፤ የቃናው በእርሻው ዳር ቆሞ ገበሬውን የሰማ አንድ ሹም ስለ ነበረ፥ በመጨረሻም መንግሥት ተሳስቻለሁ ለማለት ስለ ደፈረ ነው። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት አለፈ። ያን ሃያ ዓመት የከፈለው ግን ሹሙም ፓርቲውም ብቻ አይደለም፤ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ በሰልፍ የቆመችው እናት ናት። ሹም የሆነ ሁሉ የእውነትን ድምፅ በሰማ ጊዜ የሚያዘገየው እያንዳንዱ ቀን ከማን ዘንቢል እንደሚቀነስ ቢያስብ፥ ብዙው ነገር ሳይዘገይ በተቃና ነበር።