ባዶ ድንጋይ ቦነስ የሚያስገኝበት ቤት

ይድረስ ለማዕድን ማውጫችን የምርት ኃላፊ

ኢንጂነር፣ የባዶ ድንጋዩን ጉዳይ በውስጥ ማስታወሻ ሦስት ጊዜ አቅርቤዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ታይቷል» የሚል ፊርማ ብቻ ስለተመለሰልኝ፣ ዛሬ ሁሉም እንዲያነበው አድርጌ ጽፌዋለሁ። ቅሬታዬ ከአሠራሩ ጋር ነው፤ አሠራሩን የሚለውጠው ሥልጣን ግን በእጅዎ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ የሌሊቱ ሺፍት ወዳፈነዳው ስቶፕ፣ ማዕድኑ ወደሚወጣበት ክፍተት፣ ወረድኩ። ጭሱ ወጥቶ አልቋል፤ ሎደሩ ክምሩን ማንሳት ጀምሯል። ባትሪዬን ክምሩ ላይ ባበራም ወርቁን የያዘውን ነጭ ኳርትዝ ለማግኘት ጎንበስ ብዬ በእጄ መፈለግ ነበረብኝ። ክምሩን የሸፈነው ከላይኛው ግድግዳ፣ ከሀንጊንግ ዎሉ፣ እንደ ጣውላ እየተላጠ የወረደ ግራጫ ሺስት ነው። የሎደሩ ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ብቅ ብሎ «ዛሬ ጥሩ ነው፣ ብዙ አለ!» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። የሚቆጠርለት በባልዲ ነው፤ ለእሱ ብዙ አለ።

ገበያ ውስጥ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅል ነጋዴ ሲያዝ ሁላችንም እንራገማለን። ነጋዴው ግን ቢያንስ ሸክላውን በበርበሬ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ወርቃችን ላይ የቀላቀልነውን ባዶ ድንጋይ የሚገዛን የለም። ራሳችን እናፈነዳዋለን፣ ራሳችን እናጓጉዘዋለን፣ ፈጭተን ሳይናይድ እናጠጣዋለን፣ በመጨረሻም ግድብ ሠርተን እናኖረዋለን። ዳይሉሽን የምንለው ይኸው ነው።

ሂሳቡን በክብ ቁጥር ላስቀምጠው። ወርቁን የያዘው ሥር ውፍረቱ 0.8 ሜትር፣ ይዘቱ በቶን 10 ግራም ነው እንበል። ለቁፋሮና ለፍንዳታ እንዲመች ስቶፑን 1.2 ሜትር አድርገን አቀድን። ግድግዳው ወርቅ ከሌለው፣ ክብደቱም ከኳርትዙ እምብዛም ካልተለየ፣ ወደ ወፍጮ የሚሄደው ድንጋይ በቶን 6.7 ግራም ይይዛል። በዚህ አልከራከርም፤ ቀጭን ሥር ያለ ትርፍ ስፋት አይወጣም። አሁን ግድግዳው ተልጦ ስፋቱ 2 ሜትር ደረሰ። ይዘቱ 4 ግራም ላይ ወረደ። ወርቁ አንዲት ቅንጣት አልጨመረም፤ የምንጭነው ድንጋይ ግን በሁለት ሦስተኛ በዛ። ከእያንዳንዱ ቶን ዝቃጭ ጋር 0.3 ግራም ወርቅ ያመልጠናል ብንል ደግሞ፣ በዕቅዱ መሠረት ከ100 ግራም 4.5 ግራም የነበረው ጥፋት 7.5 ግራም ይሆናል። ባዶው ድንጋይ ባዶ እጁን አይሄድም።

እንዲህ ያለ ስቶፕ በወርኃዊ ሪፖርታችን «ዳይሉሽን 40 በመቶ» ተብሎ ይገባል፦ ከዕቅዱ ያለፈው 0.8 ሜትር ለጠቅላላው 2 ሜትር ተካፍሎ። ያንኑ ለታቀደው 1.2 ሜትር ብናካፍለው 67 በመቶ ነው። ባዶውን ድንጋይ በሙሉ፣ ማለትም 1.2 ሜትሩን፣ ለሥሩ ውፍረት ብናካፍል 150 በመቶ ይወጣል። ስሌቱ በሦስቱም መንገድ ትክክል ነው። ትንሿን ቁጥር ሁልጊዜ ማን እንደሚመርጣት ግን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

«ድንጋዩ ደካማ ነው» የሚለውን መልስ ለምጄዋለሁ። ሺስቱ በእርግጥ ይላጣል። ታዲያ መላጡን እያወቅን 0.8 ሜትር ሥር ላይ 3.5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ የምንከፍተው ለምንድን ነው? የገዛነው ሎደር ከዚያ ባነሰ ስለማያልፍ ነው። መንገዱ ከሥሩ አልፎ የሀንጊንግ ዎሉን እግር ሲቆርጠው ግድግዳው ከታች የሚደግፈው ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ፍንዳታ ይዞት ይወርዳል። ግድግዳውን የሚይዝ ኬብል ቦልት ጠየቅን፤ ምርት ያዘገያል ተባልን።

የፈንጂው ቀዳዳም እንዲሁ ነው። 15 ሜትር የሚረዝም ቀዳዳ 2 በመቶ ብቻ ቢያጋድል ጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ይስታል። የማዕድኑ ውፍረት 10 ሜትር ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። እኛ ዘንድ ግን ፈንጂው ግድግዳው ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። የድሪል ኦፕሬተሩ የሚከፈለው በቆፈረው ሜትር ስለሆነ፣ ማሽኑን ቆም ብሎ ሲያስተካክል የሚያልፈው ሰዓት ከኪሱ ነው የሚወጣው። እኔ የምጠራው ከፍንዳታው በኋላ ነው፣ ናሙና ውሰድ ተብዬ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የአዶላ ወርቅ አጣቢ በዚህ ነገር ከእኛ ይሻላል። አፈሩን ውሃ ድረስ የሚሸከመው ራሱ ስለሆነ፣ ወርቅ ያለበትን ጠጠር ሳይለይ አያነሳም። (እኛም የምንጭነውን በጀርባችን ብናወጣው ኖሮ ሥሩን ለመለየት ጂኦሎጂስት ባላስፈለገ ነበር።) በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ደግሞ ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ንብርብር ፍለጋ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች የወረዱ አሉ። እዚያ ይዘቱን በቶን ስንት ግራም ብቻ ብለው አይተዉትም፤ የንብርብሩን ውፍረት በሳንቲ ሜትር ለክተው በግራሙ ያባዙታል። ቅድም ያነሳሁት ሥር በዚህ አቆጣጠር 80 ሲባዛ በ10፣ 800 ነው። ስቶፑ 1.2 ሜትር ቢሆን 800 ነው፤ 2 ሜትር ቢሆንም ያው 800 ነው። በባዶ ድንጋይ የሚያብጥ ቁጥር አይደለም።

ቦነሳችን በዚህ ቁጥር ይታሰብ፤ ልመናዬ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ስቶፕ በኋላም ተፈንድቶ የቀረው ክፍተት በሌዘር ይለካ፤ ከዕቅዱ ውጪ የወረደው ድንጋይ ይዞታ (ቮልዩም) ለግድግዳው የገጽ ስፋት ተካፍሎ በስንት ሳንቲ ሜትር እንደተላጠ ይጻፍ። ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህን ልኬት ያበጁት የመቶኛ ጨዋታውን ስላወቁት ነው። የሌዘር ስካነር ይገዛልን አላልኩም፤ ገዝተናል፣ ሰርቬየሮች ክፍል ከነሳጥኑ ተቀምጧል።

የሚቀጥለው ስቶፕ ቁፋሮ ሐሙስ ይጀመራል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቀይ ቀለም ይዤ ዋሻው መግቢያ ላይ እቆያለሁ። የሥሩን ሁለት ጠርዝ አስምሬ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ እስኪያልቅ ከድሪል ኦፕሬተሩ አጠገብ ልቁም። በዚያ ሺፍት ቆፋሪውም የሎደሩ ሾፌርም ያጡትን ቦነስ ይክፈሏቸው። ቶኑ ለምን አነሰ ተብሎ ከተጠየቀ ምክንያቱን ጽፌ በስሜ እፈርማለሁ።

አክባሪዎ፣
የጂኦሎጂ ክፍል ባልደረባዎ