ሰዓት እንዴት ይቆጥራል?

በመካነ ሰላም ጧት 12 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትወጣለች። ከዚያ 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት እያልን እንቆጥራለን። ታዲያ ቁጥሩን የሚነግረን ማን ነው?

ጥላ። አባቶቻችን ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር። ጥላ ጧት ረጅም ነው። እኩለ ቀን ላይ ያጥራል። ከዚያ እንደገና ይረዝማል። ጿሚው 9 ሰዓት መድረሱን፣ ሰጋጁም የዐስር ሰላት መግባቱን በጥላ ይለይ ነበር። ነገር ግን ጥላ ከወር ወር ይለዋወጣል። በቦረና የእኩለ ቀን ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ። በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ጭራሽ ጥላ የለም። ሌሊት ዶሮ ይጮኻል፤ ዶሮ ግን ደቂቃ አይቆጥርም።

የሚሞላ ሰዓት። በውስጡ ጥቅል ብረት አለ። ሞላ ይባላል። በጎን ያለችውን ጉጥ ስናዞር ሞላው ይጠብቃል። ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ትናንሽ መዘውሮች ያዞራል። ባንዴ እንዳይፈታ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ቀለበት ልክ ታበጅለታለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው የመዘውሩ ጥርስ ሲያዝና ሲለቀቅ ነው። ይህ ሰዓት በየቀኑ ካልተሞላ ይቆማል።

የባትሪ ሰዓት። በውስጡ ኳርትዝ የሚባል የድንጋይ ስባሪ አለ። ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሰዓቱ ይህን ቆጥሮ ሴኮንድ ቆጣሪውን አንድ ጊዜ ያራምዳል። የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሳይኮ ነው፤ ጊዜውም 1962 ዓ.ም. ነበር። ሞባይልም በኳርትዝ ይቆጥራል፤ ከኔትዎርኩም እየጠየቀ ራሱን ያስተካክላል።

እንጠንቀቅ! የሐኪም ቀጠሮ አንዳንዴ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። ከእኛ ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ወረቀቱ ጧት 10 ካለ በእኛ 4 ሰዓት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመጣ በሽተኛ ተራው አልፎታል። ዘዴው ቀላል ነው፤ በክብ ሰዓት ላይ ከቁጥሩ ትይዩ ያለውን ማንበብ ነው። የ10 ትይዩ 4 ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ከተባለ በቀን ሦስቴ መዋጥ ብቻ አይበቃም። ጧት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንውሰድ። መሐሉ ከተዛባ መድኃኒቱ በሽታውን በሚገባ አይዋጋም።

ጥያቄ
1. መድኃኒቱን ጧት በ1 ሰዓት ብንጀምር ቀጣዩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?
2. ወረቀቱ ጧት 8 ሰዓት ቢል በእኛ ስንት ነው?

መልስ፦ 1. ቀን 9 ሰዓት። 2. ጧት 2 ሰዓት።