ሁለት ዕጣዎች፦ ቅርጫ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት እና የማዕድ ጉርብትና በነፋስ ስልክ ላፍቶ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በለቡና በጎፋ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ውስጥ «ዕጣ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ባለቤቱን ወደ መንደሩ ያመጣው የቤት ዕጣ ነው። ሁለተኛው በበዓል ማለዳ የታረደው በሬ ተመድቦ ሲያበቃ የየአባሉን ድርሻ የሚለየው የቅርጫ ዕጣ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ሕንፃ ውስጥ አኖረ፤ ሁለተኛው እነዚሁኑ ሰዎች ጎረቤት ከሚያደርጉት ጥቂት ሥርዓቶች አንዱ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ ቅርጫና መሰል የማዕድ ሥርዓቶች እምነትንና ድርሻን የሚያደላድሉ ተቋማት ናቸው፤ የከተማ ጥናትም ሆነ የቤቶች አስተዳደር እንደ ተቋም ሊመለከታቸው ይገባል።

የቅርጫ አሠራር በሚገባ የሚታወቅ በመሆኑ ሳይመረመር የሚታለፍ ነው። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለመስቀል ወይም ለዘመን መለወጫ ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። ከብት ማወቅ የሚችሉ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በአባላቱ ቁጥር ልክ ይመደባል፤ እያንዳንዱ መደብ ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ድርሻ እንዲኖረው ይደረጋል። ሁሉም «ተስተካክሏል» ካሉ በኋላ ዕጣ ይጣላል፤ ከዕጣ በኋላ ቅሬታ የለም።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ያለው ብልሃት ቀላል አይደለም። መዳቢው ራሱ አባል ነው፤ ሆኖም የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። ስለዚህ አንዱን መደብ ማሳነስ ራስን ለመጉዳት መዘጋጀት ይሆናል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮውልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ፣ ሰዎች በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚደርሳቸውን ስፍራ ሳያውቁ ደንብ ቢያወጡ ፍትሐዊ ደንብ እንደሚያወጡ ተከራክሯል። ሮውልስ በሐሳብ ደረጃ ያቀረበውን የቅርጫ መዳቢ በቢላዋ ይፈጽመዋል። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌኦርግ ዚመል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ማዕድ በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ አንዱ የበላውን ሌላው ሊበላው ስለማይችል መብላት ከሁሉ ይልቅ የግል ተግባር መሆኑን፣ ሰዎችን በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚሰበስበውም ይኸው የግል ፍላጎት መሆኑን አመልክቷል። ቅርጫ ይህን ተቃርኖ በዕጣ ይፈታዋል።

ይሁን እንጂ አብሮ መብላት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅርጫ የእኩል መዋጮና የእኩል ድርሻ ሥርዓት ነው፤ ያላዋጣ አይካፈልም። ከጎኑ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። ወር በገባ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ19 ቅዱስ ገብርኤልን ወይም በ21 እመቤታችንን የሚዘክር ቤተሰብ ጎረቤቱንና ነዳያንን ጠርቶ ያበላል፤ ከተጋባዡ ብድር አይጠብቅም። በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ ደግሞ ድግሱ በተራ ይዞራል፤ የዛሬው ጋባዥ የነገ ተጋባዥ ነው። ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናት መስጠትን፣ መቀበልንና መመለስን ሦስት የተሳሰሩ ግዴታዎች አድርጎ አቅርቧቸዋል። ማኅበሩ ከዚህ ትንተና ጋር ይስማማል፤ ዝክሩ ግን መላሹን ከሰው ወደ ፈጣሪ ስለሚያዞር ችግረኛውን ከብድር ነፃ ያወጣዋል።

ይህ ልዩነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በጣሊያን ደቡብ በሲሲሊ ደሴት በየዓመቱ ማርች 19 ቀን ለቅዱስ ዮሴፍ መታሰቢያ ማዕድ ይዘጋጃል፤ በተለይ በሳሌሚ ከተማ መሠዊያዎች በልዩ ልዩ ቅርጽ በተጋገረ ዳቦ ያጌጣሉ። በልማዱ መሠረት ቅድስት ቤተሰብን ወክለው በቅድሚያ የሚስተናገዱት ድሆች ወይም ሕፃናት ናቸው። በሁለቱም አገሮች ቅዱሱ የክብር እንግዳ ሲሆን ተመጋቢው ችግረኛው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ጣሊያንን ጨምሮ የአራት አገሮችን የሜዲትራንያን አመጋገብ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ፣ አብሮ መመገብን የማኅበረሰቦቹ ማንነት መሠረት አድርጎ ተቀብሏል። ኢትዮጵያም መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀትን በ2019 አስመዝግባለች። የአደባባዩ በዓል በዚህ መልክ እውቅና ሲያገኝ ከአደባባይ መልስ በየቤቱና በየግቢው የሚከናወነው የማዕድ ሥርዓት ግን የቅርስ አጥኚውም የከተማ አጥኚውም ጉዳይ ሳይሆን በመካከል ቀርቷል።

ጉዳዩ በነፋስ ስልክ ላፍቶ አንገብጋቢ የሚሆነው ከቤቶቹ ታሪክ የተነሣ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ቤቶቹን ለተመዝጋቢዎች በዕጣ አከፋፈለ። ዕጣው ከአድልዎ የሚጠብቅ ፍትሐዊ ዘዴ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሚያከፋፍለው ቤትን እንጂ ጉርብትናን አይደለም። በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ጀሞ፣ ሌላው የካ አባዶ ሊደርሳቸው ይችላል። እድራቸው ከሰፈራቸው ጋር ይቀራል፤ የቅርጫ ጓዶቻቸውም ይበተናሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል በእነዚህ ሰዎች ላይ ይገለበጣል፤ የቅርቡ ጎረቤት ባዕድ፣ የቀድሞው ጎረቤት የሩቅ ዘመድ ይሆናል።

የመርሐ ግብሩ ነዳፊዎች ይህን ፈጽሞ አልዘነጉትም። በመኖሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ ለከብት ማረጃ፣ እንጀራ ለመጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ የሚያገለግሉ የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች ተሠርተዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የጋራ መጠቀሚያዎችን የቤት ባለቤቶች የወል ሀብት አድርጎ አስተዳደራቸውን ለባለቤቶቹ ማኅበር ሰጥቷል። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከንድፉ ይልቅ በአስተዳደሩ ላይ ነው። ማኅበሩ ለጥበቃና ለጽዳት ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የጋራ ቤቱን ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ማከራየት ደግሞ ቀላሉ የገቢ ምንጭ ነው። ቤቱ ሲከራይ ገቢው በመዝገብ ይታያል፤ የታጣው ግን በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። ቅርጫው ወደ መኪና ማቆሚያው ይወጣል፣ ለቅሶና ድግስ በመተላለፊያው ላይ በሚተከል ድንኳን ይስተናገዳል፣ ሽሮ መፈተጊያና በርበሬ ማስጫ ያጣች እናትም በረንዳዋ ላይ ትቀራለች።

በዚህ አቋም ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው የጤና ነው። የአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ ሥጋ ለማቅረብ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል ስጋት እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የጋራ ቤቱን አስፈላጊነት ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። በየመኪና ማቆሚያው የተበተነ እርድ ሊመረመር አይችልም፤ ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ ባለው አንድ ስፍራ የተሰበሰበ እርድ ግን በበዓል ዋዜማ በሚመደብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊመረመር ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማግለልን ይመለከታል። የበሬ ዋጋ በናረ ቁጥር አቅም የሌለው ከቅርጫው ይወጣል። የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን እርድ የእምነት ሥርዓት ይለየዋል፤ ስለዚህ ቅርጫ ጎረቤታሞችን በሁለት ይከፍላል ሊባል ይችላል። ቤታቸውን ያከራዩ ባለ ዕጣዎች ብዙ በመሆናቸው በግቢው የሚኖሩት ተከራዮች በማኅበሩ ውስጥ ድምፅ የላቸውም። እነዚህ እውነቶች ናቸው። ሆኖም ሥርዓቱ ለራሱ መድኃኒት ያበጃል። አንድ መደብ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፈላል። በእስልምና ሥርዓት ሰባት ሰዎች በአንድ በሬ ኡድሒያ ሊጋሩ ይችላሉ፤ ከሥጋውም ለቤተሰብ፣ ለወዳጅና ለችግረኛ ማካፈል የተለመደ ነው። በሁለቱ እምነቶች መካከል ደግሞ ሥጋ የማያሻግረውን ድልድይ ቡና፣ ዳቦና ቆሎ ይሻገሩታል። የተከራዩ ጉዳይ ግን በልማድ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ የማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ በግቢው ለሚኖር ሁሉ የጋራ ቤቱን የመጠቀም መብት በግልጽ ሊሰጥ ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሥራ ክፍፍልን ይመለከታል። ሥጋ የሚመድቡትና ዕጣ የሚጥሉት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሽንኩርት ከትፈው፣ ዶሮ አጥበው፣ ሌሊቱን ከምድጃ ሳይለዩ የሚያነጉት ሴቶች ናቸው። ድርሻን በዚህ ያህል ጥንቃቄ የሚያደላድል ሥርዓት ድካምን ሳያደላድል መቅረቱ ጉድለቱ ነው። የጋራ ቤቱ ሲዘጋም ሸክሙ የሚጨምረው በእነዚሁ ሴቶች ላይ ነው፤ በእድርና በማኅበር ወጥ ተባብረው ይሠሩ የነበሩት እያንዳንዳቸው በጠባብ ማድ ቤት ለብቻቸው ይደክማሉ። ስለዚህ አብሮ መብላትን የሚያወድስ ጥናት አብሮ የማብሰሉን ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚህ በመነሣት ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆኑ ተጨባጭ ጥያቄዎች ይወጣሉ። የፍጆታ ጥናት ቤተሰብን መለኪያ ሲያደርግ፣ በጎረቤት ቤት የተበላ ምሳና ከዝክር የተላከ ድፎ ዳቦ በቀላሉ ከቆጠራው ያመልጣሉ፤ ስለዚህ ድህነትም ሆነ ደኅንነት በተዛባ መልክ ይታያል። በጀሞ አንድ ግቢ ውስጥ ስንት የቅርጫ ቡድኖች አሉ? ቡድኖቹ በሕንፃ፣ በሃይማኖት ወይስ በትውልድ አካባቢ ይደራጃሉ? የጋራ ቤቱ ክፍት በሆነባቸውና በተከራየባቸው ግቢዎች መካከል በእድር አባልነት፣ በሕፃናት ጥበቃና በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ልዩነት ይታያል? እነዚህን ለመመለስ የሚያስፈልገው ከአንድ በዓል እስከ ሌላው በግቢው መቆየትና በጥንቃቄ መቁጠር ነው።

ለከተማዋ አስተዳደር የሚቀርበው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛሬ በመልሶ ማልማት ምክንያት የሚነሡ ነዋሪዎች ወደ አዲስ መንደር ሲዛወሩ ዕጣው ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤታሞች ቡድን ሊወጣ ይችላል። እድር ወይም የቅርጫ ቡድን በአንድ ስም ተመዝግቦ በአንድ ሕንፃ ቢደርሰው የዕጣው ፍትሐዊነት አይጓደልም፤ ቡድኑ ግን ሳይፈርስ ይሻገራል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው አባባል እንደ ማስፈራሪያ ቢሰማም እድርንና ማዕድን ያስተሳሰረ የተጨባጭ ልምድ ማጠቃለያ ነው፤ በበዓል ቅርጫ የተካፈሉት በሐዘን ቀን ድንኳን የሚተክሉት ናቸው። የጋራ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከኪራይ ገቢ ጥያቄ ሰፍቶ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።