ምስል ያለ ድምፅ፣ ድምፅ ያለ ምስል

ስለ ድምፅ አልባው የፊልም ዘመን ወሬ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው ቻርሊ ቻፕሊንን ነው፤ ከዘራውን፣ ክብ ባርኔጣውንና ሰፊ ሱሪውን። በዚያው ዘመን አንድ ጊዜ አሮጊት እናት፣ አንድ ጊዜ ገረድ፣ አንድ ጊዜ ጠንቋይ፣ ሌላ ጊዜ የሰፈር ወሬኛ እየሆኑ የተወኑትን ሴቶች ግን በስም የሚያነሣቸው የለም። እኔ እንደሚመስለኝ የትወናን ከባድ ሸክም የተሸከሙት እነርሱ ነበሩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ውብ ሆና ብቻ ብትቆም ተመልካቹ ይቅር ይላታል። ሁለት ደቂቃ ብቻ የምትታየው አሮጊት ግን ስልሳ ዓመት የኖረች መሆኗን በዚያችው ሁለት ደቂቃ፣ በአረማመዷና በትከሻዋ አጎነባበስ ማሳመን አለባት። ቃል የላትማ!

ራሷን ማዳም ሱል-ቴ-ዋን ብላ የሰየመችው ጥቁር አሜሪካዊት ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1873 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ተወለደች፤ የቤት ስሟ ኔሊ ክሮፎርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 በወጣውና ጥቁሮችን በማዋረዱ እስከ ዛሬ በሚወገዘው የግሪፊዝ ፊልም ላይ ታየች፤ ከዚያም ድምፅ ከአልባው ዘመን ድምፅ ወዳለው ተሻግራ ለብዙ ዓመታት ተወነች። እ.ኤ.አ. በ1959 ዐረፈች። ብዙውን ጊዜ የሚሰጧት ክፍል ገረድነት ነበር፤ በብዙዎቹም ፊልሞች ስሟ ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ትወናዋን ማየት የሚሻ ሰው ፈልጎ ያየዋል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ብዙ አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚለው እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1929 በዚያ አገር ከወጡት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። ዴንማርካዊው ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ጆአን ኦፍ አርክ የሠራው ፊልም ዋና ቅጂ በእሳት ወድሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሙሉ ቅጂው ከየት ተገኘ ቢሉ ኦስሎ አቅራቢያ ከነበረ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሣጥን! እነርሱ የጠፋባቸውን ቆጥረዋል፤ ቆጥረውም ይፈልጋሉ። የእኛ ኪሳራ ግን ከነጭራሹ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ያልተመዘገበ ኪሳራ ደግሞ ኪሳራ አይባልም፤ እንደ ትርፍ ዝም ተብሎ ይታለፋል።

ወደ አገራችን ልምጣ። ድምፅ አልባው ፊልም በዓለም በነገሠበት ዘመን በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከትያትር መድረክ ላይ አልወጣችም ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜድያ በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ትያትር ታገደ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱት ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያ ወዲህ ተውኔት ሲያሳዩ ተዋንያኑ ተማሪዎች ነበሩ። ሴት በታሪኩ ውስጥ ብትኖር ቀሚስ አጥልቆ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚቆምላት ወንድ ነው። እናትን ወንድ፣ ሙሽራን ወንድ፣ መበለትን ወንድ! ይህ ነውር አልነበረም። ነውር የሆነው ሴቲቱ ራሷ ሴት ሆና ልቁም ስትል ነው።

አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ይህን አጥር ጥሳ ገባች። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ የተወለደች፣ ክራርን ራሷን በራሷ ያስተማረች ሴት ነበረች፤ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ትያትር ላይ በመተወንም በአገራችን ከመድረክ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እንደ ሆነች ይነገርላታል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ዘመኑ የእርሷ ዘመን ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር በምንለው በዚያ ቤት ለብዙ ዓመታት ተወነች፣ አዜመች፣ ክራሯን መታች። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዐረፈች።

እስቲ ውድ አንባብያን፣ ስለ አስናቀች የምታውቁትን በልባችሁ ቁጠሩት። ውበቷ። የጸጉሯ አሠራርና የልብሷ ማማር። ማን ወደዳት፣ እርሷስ ማንን ወደደች። ክራሯ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ «የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕረግ። የትኛዋን ገጸ ባሕርይ እንዴት አድርጋ እንደ ተጫወተች፣ የምትስቅባት ሴት ከምታለቅስባት ሴት በምን ትለይ እንደ ነበር፣ አሮጊት ስትሆን ወገቧን ከየት ጀምሮ ትሰብር እንደ ነበር የሚነግረን ማን አለ? አንድ ገበሬ በሬውን ሲያሞግስ እንኳ አስተራረሱን ያነሣል እንጂ በቀንዱ ማማር ብቻ አይቆምም። እኛ የተዋናይትን ዕድሜ ልክ ሥራ በቀንድ ማማር ጨረስነው።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ቃል በተለይ ያናድደኛል። ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ሲፈተሽ ግን ስንፍና ነው። የመጀመሪያዋ ከተባለች ወዲያ ስለ ሥራዋ መልካምነትና መጥፎነት የሚጠይቅ አይኖርም። በሩን ከፈተች ይባልና በገባችበት ቤት ውስጥ ምን ስትሠራ እንደ ኖረች ይዘነጋል። አንዳንዱ ደግሞ «አይ፣ የመጀመሪያዋስ እገሊት ናት» ብሎ ይሟገታል፤ ክርክሩ ስለ ወንበር ቁጥር ነው፤ ስለ ትወና አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይወጣውም።

የክራሯ ድምፅ ግን ተርፏል። በሸክላና በካሴት ተቀድቷል፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያሰናዳው «ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጹን እ.ኤ.አ. በ2003 ለእርሷ ሰጥቷል። ራሔል ሳሙኤልም ስለ ሕይወቷ «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳየች፤ ምስጋና ይገባታል። ዳሩ ግን የትኛውም ዘጋቢ ፊልም ማንም ያልቀረጸውን ምሽት ሊመልስ አይችልም። የድምፅ አልባው ዘመን ሴቶች ምስላቸው ቀርቶ ድምፃቸው ጠፋ፤ የእኛዋ ድምፅዋ ቀርቶ በመድረክ ላይ የነበራት ገላና ፊት ጠፋ። ይህ ነገር ከእንቅልፌ ቀስቅሶኝ ያውቃል፤ የሚከተለውም ያን ሌሊት የተጻፈ ነው፤

ለፈረንጇ ምስል፣ ለእኛዋ ድምፅ ቀርቶ፣
ሁለት ግማሽ ሴቶች፣ አንድ’ንኳ ሙሉ ጠፍቶ፤
ማን ያገናኛቸው፣ መጋረጃው ወርዶ፣
ክራሩ ሲናገር፣ ፊቷ ወዴት ሄዶ?

«ትያትር እኮ በባሕርዩ አላፊ ነው፤ መጋረጃ ሲወርድ ያልቃል፤ ማንን ትወቅሳለህ?» የሚሉኝ አሉ። ይህን መልስ አልቀበልም። ትያትሩ ያልፋል፤ አዘጋጁ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ የጻፈበት የተውኔቱ ቅጂ ግን አያልፍም። የልብሱ ዝርዝር አያልፍም፤ ፎቶግራፉ አያልፍም፤ አብራት የቆመው ሰው ትዝታም ቢጠየቅ እስኪሞት ድረስ አያልፍም። እኔ በምሠራበት ባንክ አንዲት እናት ሃምሳ ብር ካወጡ ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው ተፋይሎ ይቀመጣል። ሃምሳ ብር ነው! ለሃምሳ ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ ለአንዲት ሴት የሠላሳ ዓመት ትወና ወረቀት አጣን ብንል ማን ያምነናል? ወረቀት ሞልቷል። የጠፋው ዋጋ አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ዋጋ እንደሌለው ያስቆጠረው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ቃል ነው፤ «አዝማሪ»። ቃሉ በራሱ ክቡር የሙያ ስም ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው። ወንዱን ስንለው ቧልተኛ ማለታችን ነው፤ ሴቲቱን ስንላት ግን ገላዋን ማለታችን ነው። አንዲት ልጅ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ልትመዘገብ ስትል እናቷ የምትሰጋው ከዚህ ቃል ነው። በእኛ ከተማ ይህ ስጋት ዛሬም እንዳለ የክበባቱን የስም ዝርዝር ያየ ይፍረድ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ቅኔ ማስተማራቸውን በኩራት እንተርካለን፤ የገዛ ልጃችን ግን በትምህርት ቤት አዳራሽ የንግሥት ክፍል ልትጫወት ስትነሣ «ተቀመጪ» እንላታለን።

ደግሞ ሌላ ክርክር አለ። «ትያትር የአዲስ አበባ ነገር ነው፤ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ምኑ ነው?» የሚሉት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለቅሶ ደርሰው አያውቁምን? በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገጠር ሰው ሲሞት ሙሾ አውራጇ ከመካከል ትቆማለች። የሟችን ጋቢ ወይም ጠመንጃ ትይዛለች። አንድ ጊዜ እናቱን ሆና ትጠራዋለች፤ ወዲያው ሚስቱን ሆና ትወቅሰዋለች፤ ቀጥላ ራሱን ሟቹን ሆና ስለ ማሳውና ስለ በሬዎቹ ትናዘዛለች። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የምትሻገረው በድምፅዋ ቅላፄና በእጇ ብቻ ነው፤ መብራት የላት፣ መጋረጃ የላት፣ ልምምድ የላት። እንባው ደርቆ የመጣው ሩቅ ዘመድ ሳይቀር ያለቅሳል። ይህ ትወና ካልሆነ ትወና ምንድር ነው? ገበሬው ትያትርን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የከተሜው ጸሐፊ ነው ገበሬውን የማያውቀው።

አለማወቁንም በየፊልሙና በየተከታታይ ድራማው እናየዋለን። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች። ስልክ ሲጮኽ የምትደነግጥ፣ ሊፍት ሲከፈት የምታማትብ፣ «ጎጃምኛ» የሚሉትን አነጋገር እየጎተተች የምታስቅ። ያ አነጋገር የቡሬም የፍኖተ ሰላምም አይደለም፤ ከእኛ ገበያ አንድ ቀን ቆሞ የሰማ ሰው የፈጠረውም አይመስልም። ስቱዲዮ ውስጥ ተፈብርኮ ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው እየተዋዋሱት ይኖራሉ። ጥፋቱ የተዋናይቱ አይደለም፤ የተጻፈላትን ነው የምትጫወተው። ከመናኸሪያችን አውቶቡስ ተሳፍራ፣ የእናቷን የሰርግ ነጠላ በፌስታል ይዛ፣ ሰው ቤት ልትሠራ የምትሄደውን ልጅ እኛ እናውቃታለን። የደመወዟን ግማሽ ወደ ቤት ስትልክ የላኪውን ስም የማነበው እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ብልህ ናት፤ ቂም ታውቃለች፤ የአሠሪዎቿን ቤት ምሥጢር ሁሉ ይዛ ዝም ማለት ታውቃለች። ስንት ተውኔት ነበር በእርሷ ዝምታ ውስጥ! እኛ ግን ልክ ማዳም ሱል-ቴ-ዋንን እንዳደረጓት አደረግናት፤ ትሪ አስይዘን በሩ አጠገብ አቆምናት። ሆሊውድ በጥቁሯ ሴት ላይ ያደረገውን እያነበብን የምንቆጣ ሰዎች፣ በገዛ ሳሎናችን ተቀምጠን በገዛ እኅታችን እንስቃለን።

አስናቀችን ዳግመኛ ማየት አይቻልም። በሕይወት ያሉትን ግን ማየትና መጠየቅ ይቻላል። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው ኪነት ነበር። የዚያን ዘመን ኪነት ዓላማው ፕሮፓጋንዳ እንደ ነበር አልክድም፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱም ብዙ የምለው የለኝም፤ ባላባቱ ሁልጊዜ ክፉ፣ አራሹ ሁልጊዜ ደግ ነበር። ቢሆንም በዚያ ምክንያት በየከተማው ልጃገረዶች በአደባባይ ቆመው የሌላ ሰው ሕይወት ተጫውተዋል። ዛሬ እነዚያ ልጃገረዶች አያቶች ናቸው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አንዳንዶቹ ጠላ ይጠምቃሉ፣ አንዳንዶቹ በርበሬ ይነግዳሉ፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ስለ ያኔው ሥራቸው ሲጠየቁ የሚያፍሩ አሉ። እንዲያፍሩ ያደረግናቸውም እኛ ነን።

በየኪሳችን ካሜራ ያለው ስልክ ይዘን እንዞራለን፤ የምንቀዳው ግን የሰርግ ጭፈራና የምሳችንን ሳህን ነው። የባህል ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እስኪነሣ አንጠብቅ፤ ከተነሣ ደግሞ እሰየው። ትወናን እወዳለሁ የምትል አንባቢ ሁሉ በሰፈርህ ያሉትን እንዲህ ያሉ አንዲት እናት ፈልገህ፣ ቡናቸው እስኪፈላ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው። የመጀመሪያዋ እርስዎ ነበሩ ወይ ብለህ ግን አትጀምር። ቆንጆ ነበሩ አሉ ብለህም አትጀምር። እንዲህ በላቸው፤ «እማማ፣ ያቺን መበለት ሲጫወቱ የማንን አረማመድ ነበር የወሰዱት? ሞሰቡን ሲያነሡስ በየትኛው እጅዎ ነበር?»